የአንኮበሩ መንገድ ቢዘጋ፦ ስለ ቀኙ የልብ ቅርንጫፍ

(ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ለጡረተኛ መምህራን፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና ለቤተሰቦቻቸው በቃል ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ፣ አንዳንድ ቦታ ጨምሬበታለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ የኅዳር ውርጭ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

አምና ከመንዝ አንድ አባት ልመርመር ብለው መጡ። ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ በርኖሳቸውን ገለጥ አደረጉና በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። የኢሲጂ ወረቀት ነው፤ የልብን ኤሌክትሪክ የሚያሳየው፣ ሣጥን ሣጥን መስመር ያለበት። ግማሹ ጠቁሯል። ማሽኑ በዚህ ወረቀት ላይ የሚጽፈው በቀለም ሳይሆን በሙቀት ስለሆነ፣ ወረቀቱ ሙቀት ባገኘው ቁጥር እየጠቆረ ይሄዳል። አባባ እርጥበት እንዳያበላሸው ብለው ከምድጃው በላይ ሰክተውት ስድስት ወር ከርሟል። ባልጠቆረው በኩል ማሽኑ ራሱ ያተማቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ይነበባሉ፦ ራይት በንድል ብራንች ብሎክ፣ ቃል በቃል «የቀኝ ቅርንጫፍ መዘጋት»።

«ምን ብለው ነገሩዎት አባባ?»

«ልብዎ በቀኝ በኩል ተዘግቷል አሉኝ።» ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ከዚያን ቀን ወዲህ እርፍ ጨብጬ አላውቅም ልጄ» አሉ።

ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጠው ገንዘቡን አዲስ አበባ ሄጄ እታከምበታለሁ ብለው አስቀምጠዋል። መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተዋል። ደብሩ ጉብታ ላይ ስለሆነ እሑድ እሑድ ከታች ከጽዱ ሥር ቆመው ተሳልመው ይመለሳሉ። መረመርኳቸው። የደም ግፊታቸው ደህና ነው፣ ሳንባቸው ንጹሕ ነው፣ እግራቸው ላይ እብጠት የለም። ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ አሠራን፤ ልባቸው ለዕድሜያቸው ጤነኛ ነው። እንግዲህ እኚህን ሰው ስድስት ወር ሙሉ ከእርሻቸው ያራቀቻቸው አንዲት ቃል ናት፤ «ተዘጋ» የምትል።

እኔም ከዚህ ስሕተት ንጹሕ አይደለሁም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ ወረፋው ረጅም በሆነበት ቀን፣ አንዲት እናትን በር ላይ ቆሜ «ትንሽ ብሎክ አለ፣ አያስፈራም» ብዬ ሸኘኋቸው። «አያስፈራም» ያልኩትን አልሰሙትም። «ብሎክ» የሚለውን ይዘው ሄደው ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥተው እንደሰነበቱ ልጃቸው መጥታ ነገረችኝ። ያን ቀን አልረሳውም።

«ልብ ተዘጋ» ሲባል ሁላችንም የምናስበው የደም ሥርን ነው። እውነት ነው፣ የልብ የደም ሥር ይዘጋል፤ ያኔ የልቡ ሥጋ ደም አጥቶ ይጎዳል፣ ሀርት አታክ የምንለው እሱ ነው። ቤታችሁ ግን የውኃ ቧንቧም አለው፣ የመብራት ሽቦም አለው። ቧንቧ ሲደፈን የምትጠሩት ባለሙያና መብራት ሲጠፋ የምትጠሩት ባለሙያ አንድ አይደለም። ዛሬ የማወራው ስለ ሽቦው ነው።

ልብ በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ይመታል። እያንዳንዱ ምት የሚነሣው ከላይ በቀኝ በኩል ካለች ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ ነው። ትእዛዙ በላይኞቹ ሁለት ክፍሎች አልፎ መሐል ላይ ካለ ኬላ ይደርሳል፤ እዚያም የላይኞቹ ክፍሎች ደማቸውን ወደ ታች ገልብጠው እስኪጨርሱ ለጥቂት ይያዛል። ከኬላው በኋላ በአንድ ግንድ ይወርድና ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ቀኙ የታችኛው ክፍል፣ ሌላው ወደ ግራው። ግንዱን እ.ኤ.አ. በ1893 የገለጸው ቪልሄልም ሂስ የሚባል ሐኪም ስለሆነ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ኬላውንና ከግንዱ እስከ ጫፍ ያለውን ትስስር ደግሞ ሱናኦ ታዋራ የተባለ ጃፓናዊ፣ ጀርመን አገር ማርቡርግ ተቀምጦ፣ ልብን በስሱ እየቆራረጠ በማይክሮስኮፕ እየተከተለ እ.ኤ.አ. በ1906 አሳየ። ያን ሥራ ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል፤ በዐይን ከሥጋው የማይለይ ገመድ ከአንዱ ስስ ቁራጭ ወደ ሌላው እየፈለጉ መሄድ ምን ያህል ትዕግሥት ይጠይቃል!

አሁን ይህን ሁሉ ወደ አገራችን መንገድ ልመልሰው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል አንድ ዋና መንገድ ነው፤ እሱ ግንዱ ይሁንልን። እዚህ ከተማችን ላይ ይከፈላል። አንዱ ወደ ቀኝ ታጥፎ አንኮበር ይሄዳል። ሌላው ወደ ግራ ወደ ደብረ ሲና ይቀጥላልና ጣርማበር ላይ ሲደርስ እሱም በተራው ይከፈላል፤ አንዱ ወደ መዘዞና መሐል ሜዳ፣ አንዱ ዋሻውን አልፎ ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ቁልቁል። የልብ ሽቦ እንደዚሁ ነው። ግራው ቅርንጫፍ ሰፊ ነው፣ ወዲያውም የፊትና የኋላ ተብሎ ይከፈላል። ቀኙ ግን እንደ አንኮበሩ መንገድ ብቻውን የሚሄድ፣ ቀጭንና ረጅም ገመድ ነው። በሁለቱ የታችኛው ክፍሎች መካከል ባለው ግድግዳ ቀኝ ገጽ ላይ ወርዶ፣ በአንዲት የሥጋ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ማዶው ግድግዳ ይገባል። ቀጭንና ብቸኛ የሆነ ነገር በቀላሉ ይጎዳል። ሐኪሞች በደም ሥር ቀጭን ቱቦ ወደ ቀኙ ልብ ሲያስገቡ የቱቦው ጫፍ ገመዱን ነካ በማድረጉ ብቻ ሥራውን ለጊዜው የሚያቆምበት አጋጣሚ አለ።

ታዲያ የአንኮበሩ አስፋልት ቢዘጋ አንኮበር የሚሄድ ሰው ቤቱ ይቀራል? አይቀርም። በደብረ ሲናው መንገድ ይሄድና ወርዶ ማሳ ለማሳ፣ መንደር ለመንደር በእግሩ እያቋረጠ ይደርሳል። ይዘገያል እንጂ ይደርሳል። ልብ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ትእዛዙ በግራው ቅርንጫፍ በሰዓቱ ይደርስና ግራው ክፍል ይጨመቃል። ከዚያ ግድግዳውን አቋርጦ፣ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ እየተቀባበለ ወደ ቀኙ ይሻገራል። በሽቦው ላይ በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ሜትር ይሮጥ የነበረው ትእዛዝ በሥጋው ውስጥ በሰከንድ አንድ ሜትር እንኳ መሄድ ያቅተዋል። መዘግየቱ ግን በአጠቃላይ ከዐይን ጥቅሻ ያነሰ ነው። ቀኙ ክፍል ይጨመቃል፣ ደሙም ወደ ሳንባ ይሄዳል። ሰውዬው የሚሰማው ነገር የለም።

ስለዚህ እዚህ ያላችሁን የጤና ባለሙያዎች የምለምነው ነገር ይህ ነው። ለታማሚ ስትነግሩ «ተዘጋ» አትበሉ። «በቀኝ በኩል ያለው የልብዎ ሽቦ መልእክቱን ያዘገያል» በሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። እኔ «የቀኝ ቅርንጫፍ መዘግየት» እለዋለሁ፣ በካርዱም ላይ በአማርኛ እንዲሁ እጽፈዋለሁ።

ወረቀቱ ላይ እንዴት እንደሚታይ ለማወቅ ለምትፈልጉ ትንሽ ላሳያችሁ። (እዚህ ላይ ሰሌዳው ላይ ሣልኩ።) ወረቀቱ በሰከንድ 25 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። አንዷ ትንሽ ሣጥን 40 ሚሊ ሰከንድ ናት። የታችኞቹ ክፍሎች ሲነቁ የሚጻፈው ሹል ምልክት፣ ኪውአርኤስ የሚባለው፣ ጤነኛ ሰው ላይ ከሦስት ትንንሽ ሣጥን ያነሰ ነው። 120 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም ሦስት ሣጥን ከሞላ ወይም ካለፈ መስመሩ ሰፍቷል እንላለን። ቀጥሎ ቪ1 የሚባለውን፣ ደረት ላይ በቀኝ በኩል የተለጠፈው የማሽኑ መለጠፊያ የሚጽፈውን መስመር፣ ተመልከቱ። አንድ ትንሽ ጫፍ፣ ቀጥሎ ጎድጓዳ፣ ቀጥሎ ሁለተኛ ከፍ ያለ ጫፍ ታያላችሁ። ንጉሡን ሠ በግንባሩ ብትደፉት እሱን ይመስላል። ያ ሁለተኛው ጫፍ ዘግይቶ የደረሰው የቀኙ ክፍል ድምፅ ነው። በግራ በኩል ካሉት፣ ከቪ6 እና ሊድ አንድ ከሚባለው መስመር ላይ ደግሞ ወደ ታች የወረደ ሰፊ ጎድጓዳ ታገኛላችሁ። መልኩ ኖሮ ስፋቱ ከ110 እስከ 119 ከሆነ «ያልተሟላ» ይባላል፤ ይህ በሯጮች ላይ በብዛት የሚታይና የልምምድ ውጤት ተደርጎ የሚወሰድ ነው። አበበ ቢቂላ የተወለደው ከዚህ ብዙም በማይርቀው በጃቶ ነው፤ ዛሬም ማለዳ ተነሥተው አስፋልቱን ይዘው የሚሮጡ ልጆች አሉን። ከእነሱ አንዱ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ቢመጣ፣ ሌላ ምልክት ከሌለው፣ ሩጫ ተው አትበሉት።

አንድ የሙያ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ጊዜ ስላየሁት። ቪ1 እና ቪ2 መለጠፍ ያለባቸው በአራተኛው የጎድን አጥንት ክፍተት ላይ፣ ከደረት አጥንቱ ግራና ቀኝ ነው። ሲቸኮል ግን ከአንገት ሥር ወረድ ብሎ እንደነገሩ ይለጠፋሉ። ከቦታቸው አንድ ሁለት ክፍተት ከፍ ካሉ፣ በሌለበት ሁለተኛ ጫፍ ይፈጠራል፤ ማሽኑም «ያልተሟላ ብሎክ» ብሎ ያትማል። ጣታችሁን ደረቱ ላይ አሳርፉና ቁጠሩ። በብርድ ልብሱን ማውለቅ የማይወድ ሰው ቢሆንም ለምኑት። ማሽን የሚያትመው ቃል ጥቆማ ነው፤ ፍርዱ የሐኪም ነው።

ማዳመጫ ላላችሁም ደስ የሚል ነገር አለ። ሁለተኛው የልብ ድምፅ የሁለት በሮች መዝጊያ ነው፤ የግራውና የቀኙ። ቀኙ ሲዘገይ ድምፁ ለሁለት ይሰነጠቃል። ከደረት አጥንቱ በስተግራ፣ በሁለተኛው ክፍተት ላይ ማዳመጫውን አሳርፋችሁ፣ ታማሚው አየር ወደ ውስጥ ሲስብ በሁለቱ ድምፆች መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል። ከኢሲጂው በፊት በጆሮዬ የያዝኩት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አስታውሳለሁ።

ወደ ምክንያቱ ልሂድ። በብዙ ሰው ላይ ምክንያቱ ዕድሜ ነው፤ ገመዱ ቀስ በቀስ ይደድራል፣ ጠባሳ ያበጃል። ስዊድን ጎተንበርግ ላይ እ.ኤ.አ. በ1913 የተወለዱ ወንዶችን ከ50 ዓመታቸው እስከ 80 ዓመታቸው ተከታትለው ነበር። የቅርንጫፍ መዘግየት፣ የቀኙም የግራውም ተደምሮ፣ በ50 ዓመታቸው ከመቶ አንዱ ላይ የነበረው በ80 ዓመታቸው ከመቶ 17ቱ ላይ ተገኘ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ አባቶች ኢሲጂ ብትነሡ አንዳንዶቻችሁ ላይ መገኘቱ አይቀርም።

ግን «ዕድሜ ነው» ብሎ መሸኘት ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ቀኙ የልብ ክፍል የሚገፋው ወደ ሳንባ ስለሆነ፣ ሳንባ ላይ የሚመጣ ጫና ሁሉ እዚያ ያርፋል። እኛ አገር ይህን የምታውቁት ምድጃው ዘንድ ነው። ደጋው ላይ እንጨት ስለሌለ የሚነደው ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። በርና መስኮቱ በብርድ ምክንያት ተዘግቶ፣ እናት እንጀራ እየጋገረች በጭስ መሐል አርባ ዓመት ትኖራለች። ሲጋራ በእጇ ነክታ የማታውቅ ሴት የሲጋራ አጫሽ ሳንባ ይዛ ትመጣለች። ሳንባው ሲጎዳ በውስጡ ያለው የደም ግፊት ይጨምራል፣ ቀኙ ልብ ይወጠራል፣ ቀጭኑም ገመድ አብሮ ይወጠራል። እንዲህ ያለች እናት ኢሲጂዋ ላይ መዘግየት ከታየ፣ ቃሉ ስለ ሳንባዋ እየነገረን ሊሆን ይችላል። ጭስ መውጫ ያለው ምድጃ መሥራት የልብ ሕክምና ነው የምለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የልጆች ነገር ነው። ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው እንጥሉን ማስቆረጥ ገና አልቀረም። እንጥል መቁረጥ ጀርሙን አያጠፋውም፤ በላዩ ላይ መድማትና ቁስል ያመጣል። ያ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ በፔኒሲሊን ካልታከመ በአንዳንድ ልጆች ላይ የቁርጥማት ትኩሳት ያስከትልና የልብ በሮችን ያበላሻል። በግራ በኩል የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል የሚያገናኘው በር ሲጠብ ደም ወደ ሳንባ ተመልሶ ይጠራቀማል፣ ቀኙ ክፍል እንደገና ይወጠራል። ከልደት ጀምሮ በላይኞቹ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ ያላቸው ልጆችም አሉ፤ እነሱ ላይ የቀኙ መዘግየት በጣም የተለመደ ምልክት ነው። ስለዚህ ቶሎ የሚደክም፣ ከእኩዮቹ ጋር ኳስ መጫወት የሚያቅተው ልጅ ላይ ይህ ወረቀት ከታየ ኢኮ ሳይሠራ መመለስ የለበትም።

ድንገተኛውን ሳልናገር አላልፍም። ትናንት ያልነበረ መዘግየት ዛሬ ከደረት ሕመም ጋር ከመጣ፣ ወደ ገመዱ ደም የሚወስደው የልብ የደም ሥር ራሱ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ሰዓት የለም። ድንገት ትንፋሽ ካጠረና አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከእግር የተነሣ የረጋ ደም ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይሆናል። ይህን በአራስ ሴቶች ላይ አስቡት። «አራስ ናት፣ ደክሟት ነው» እየተባለ አልጋ ላይ የምትቆይ ሴት አንድ ባቷ አብጦ፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ክርስትናውን ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት።

ሌላው ራስን መሳት ነው። አንድ ሰው የቀኝ ቅርንጫፍ መዘግየት ኖሮት እየቆመ ከወደቀ፣ የቀረው መንገድም እየተበላሸ እንዳይሆን መመርመር አለበት። ከግራው ሁለት ንዑስ ቅርንጫፎች አንዱ ከታወከ፣ ወይም ወረቀቱ አንድ ቀን የቀኙን፣ አንድ ቀን የግራውን መዘግየት ካሳየ፣ አንኮበርም ጣርማበርም አንድ ላይ ሊዘጉ ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ላለው ሰው ፔስሜከር፣ ማለትም ልብ እንዲመታ የሚያደርግ፣ ከቆዳ ሥር የሚቀበር ትንሽ መሣሪያ ሊያስፈልገው ይችላል። በቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነቱ ተኝቶ ሳይነሣ የቀረ ሰው ካለም ለሐኪሙ ይንገር። እ.ኤ.አ. በ1992 ብሩጋዳ የሚባሉ ወንድማማች ሐኪሞች የገለጹት አንድ ሕመም አለ፤ መልኩ ከዚህ ጋር ይምታታል፣ አደጋው ግን ፍጹም ሌላ ነው።

ምንም ምልክት የሌለው፣ ኢኮው ንጹሕ የሆነ ሰውስ? ለቅርንጫፉ የሚወሰድ ክኒን የለም፣ ፔስሜከርም አያስፈልገውም። እርሻውን ይረስ፣ ዳገቱን ይውጣ። ዴንማርክ ኮፐንሃገን ከ18 ሺህ በላይ ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት ጥናት፣ የተሟላ መዘግየት ያለባቸው ሰዎች በልብና በደም ሥር ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከሌሎች ከፍ እንደሚል አሳይቷል፤ ያልተሟላው ላይ ግን ያ አልታየም። እኔ ከዚህ የምይዘው፣ ወረቀቱ ደም ግፊትንና ስኳርን በየጊዜው ለመለካት ጥሩ ማስታወሻ መሆኑን ነው። ጻድቃኔ ማርያም ጠበል የምትሄዱ ሂዱ፤ የደም ግፊት ክኒናችሁን ግን በነጠላችሁ ጫፍ ቋጥራችሁ ውሰዱት፣ አታቋርጡት። የኢሲጂ ወረቀታችሁን ደግሞ ዛሬውኑ በስልክ ፎቶ አንሡት። ከዓመት በኋላ ሐኪም የሚጠይቃችሁ ዋናው ጥያቄ «ድሮም ነበረ ወይስ አዲስ ነው?» የሚል ነው፤ መልሱ ያለው በአሮጌው ወረቀት ላይ ነው።

ጥያቄ ስቀበል አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ «ታማሚው ሌላ ቦታ ‹ተዘግቷል› ተብሎ ከመጣ እኛ ምን እንበል?» አለች። የሌላውን ባለሙያ ስም ሳታነሡ፣ ወረቀት ላይ መንገዱን ሣሉለት አልኳት። ደብረ ብርሃንን፣ አንኮበርን፣ ጣርማበርን። አገሩን የማያውቅ ሰው የለም።

መጨረሻ ላይ ከኋላ ወንበር አንድ መምህር እጃቸውን አወጡ። «እኚያ የመንዙ ሰውዬ በሬያቸውን መለሱት?»

በሬው ተሽጦ ሄዷል። ለአዲስ አበባ ያስቀመጡት ገንዘብ ግን አልተነካም ነበርና ወይፈን ገዙበት። ባለፈው ወር ለደም ግፊት ልኬት ሲመጡ እጃቸውን ስጨብጥ መዳፋቸው ሻክሯል። «ወይፈኑ አስቸገረኝ» አሉኝ፤ «ከቀኝ ስጠምደው እንቢ ይላል፣ ከግራ ስጠምደው ይሄዳል።»